ከዶሮ ማነቂያ አራብሳ የገባው ቁርስ ቤት

ስሙን አልጽፍም። ባለቤቷ «ስም አታውጣ ልጄ፣ የሚያውቀኝ ያውቀኛል» ስላሉኝ ቃላቸውን አከብራለሁ። ግን ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ቁርስ በልቶ የሚያውቅ ሰው ሦስት መስመር ሳያነብ ማንን እንደማወራ ይገባዋል። እኛ እትዬ ነው የምንላቸው። ፒያሳ እያሉ ሰባት ጠረጴዛ፣ እጀታው ወደ ታች የሚጎተት አሮጌ የቡና ማሽን፣ ደጃፉ ላይ ደግሞ የማይጠፋ ሊስትሮ ነበራቸው። ሰፈራችን በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ ሲፈርስ ያ ቤትም አብሮ ሄደ። አሁን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ከፍተዋል።

እስካሁን ስምንት ጊዜ ያህል ሄጃለሁ። የጾምም የፍስክም ቀን በልቻለሁ። ስለዚህ የምጽፈው አንድ ቀን ቀምሼ አይደለም።

መንገዱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚቀይረው እዚህ ላይ ነው። ከፒያሳ መገናኛ አንድ ታክሲ፣ ከመገናኛ አራብሳ ሌላ ታክሲ። ጠዋት የሚጨናነቀው ወደ መሀል ከተማ የሚገባው መንገድ ስለሆነ ሲሄዱ አይከብድም። መመለሻው ላይ ግን ሰልፍ አለ። ድሮ ከቤቴ ወጥቼ ፉሉ ጋ ለመድረስ ሦስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር፣ ጥርሴን ሳልፋቅ የሄድኩበትም ቀን አለ።

ወደ ፉሉ ልግባ። ፉል ቤት ሞልቷል፣ ግን ብዙው ቦታ ባቄላው ወይ ሙሉ በሙሉ ደቆ ሙቅ ይሆናል፣ ወይ ሳይበስል ይቀርባል። የእትዬ ፉል ግማሹ ፈርሶ መረቅ ይሆናል፣ ግማሹ ጥርስ ላይ ይቆያል። ከላይ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ከሙን። ዘይቱ ዳር ዳሩን ይዞ፣ ሳህኑ እየጨሰ ይመጣል። በፍስክ ስፔሻል ካዛችሁ እንቁላልና ቅቤ ይጨመርበታል። ዳቦው ከጎን ካለ ዳቦ ቤት የሚመጣ ነው፣ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ትኩስ ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን እንዲሞቅላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ተቀይሯል፣ መደበቅ አይገባኝም። ፒያሳ ፉሉ ሌሊቱን ከሰል ላይ ነበር የሚያድረው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሰል ማሳደር ስለማይሆን አሁን በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የሚበስለው። ያ ከኋላ የሚመጣው ጭስ ጭስ የሚል ጠረን የለም። እትዬ ራሳቸው ያውቁታል። አንድ ቀን ሳህኔን ሊያነሱ መጥተው «ምን ጎደለው?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው። «ዋሸህ» አሉና ሄዱ። እውነታቸውን ነው። ጣፋጭ ፉል ነው፣ ከብዙ ቤት ይበልጣል፣ ግን የዶሮ ማነቂያው አይደለም።

ማኪያቶው ግን ያው ነው። ማሽኑን ይዘውት መጥተዋል። ዕቃ በተጫነ ቀን እትዬ አልጋቸውን ለሌላ መኪና ትተው ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አቅፈው እንደተቀመጡ ልጃቸው ነግራኛለች። አራብሳ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ውሃ በሌለ ቀን በጀሪካን ነው የሚሠራው፣ ሰው ከበዛ ትንሽ ትጠብቃላችሁ። ወተቱ ከላይ ወፍራም፣ ቡናው ከሥር ጠቆር ያለ፣ መስመሩ በብርጭቆው ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይ። ስኳር ሳታማስሉ አንድ ጊዜ ፉት በሉት።

ዋጋው፣ ባለፈው ስሄድ ፉል 120፣ ስፔሻል 150፣ ማኪያቶ 50 ብር ነበር። ለሰፈሩ ትንሽ ወደድ ይላል የሚሉ አሉ። ለእኔ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ። ይህንን ጽሑፍ የጀመርኩት በእሱ ምክንያት ነው።

ስትገቡ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ በፎቶ ተሞልቷል። ፖስተር አይደለም፣ የቱሪስት ሥዕልም አይደለም። ደንበኞች ከየቤታቸው ያመጡት የቤተሰብ ፎቶ ነው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የጥምቀት ቀን። አብዛኛው ጠርዙ የተጎዳ፣ አንዳንዱ ከአልበም ሲላቀቅ ጀርባው የተቀደደ። መጀመሪያ ሳየው የሰው ፎቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛ ቀን ቀርቤ ሳየው ሁሉም ፎቶ ላይ ከሰዎቹ ጀርባ ያው አንድ ቤት አለ። ታችኛው ክፍል ድንጋይ፣ ላይኛው እንጨትና ጭቃ፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ፣ የበረንዳው መከለያ ላይ ወንፊት የመሰለ የተጠረበ እንጨት። የእኛ ሰፈር ፎቅ ቤት። ቤቱን ብሎ ፎቶ ያነሳው ሰው የለም። ሙሽራ ሲያነሱ ነው የገባው። አንዱ ላይ ግማሽ በረንዳ፣ ሌላው ላይ ደረጃው ብቻ፣ አንዱ ላይ ደግሞ የሚዜው ትከሻ ላይ የመስኮቱ ጥግ ይታያል። ሁሉንም አንድ ላይ ስታዩ ቤቱ ተገጣጥሞ ይቆማል።

በዚያ ቤት ምክንያት ነው ሰፈራችን የተጣላው።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልተርክ። ፒያሳ ማለት መጀመሪያ አራዳ ነው። ከጊዮርጊስ ሥር የከተማው ትልቁ ገበያ የነበረበት። ጣልያን ገበያውን ወደ ምዕራብ አውጥቶ ዛሬ መርካቶ የምንለውን ሲተክል፣ እዚህ ደግሞ አደባባይ ማለት የሆነውን ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶ ሄደ። ከዚያ በፊትም በኋላም አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ የመኑ፣ የእኛም ሰው ጎን ለጎን ሱቅ ከፍቶ፣ ቤት ሠርቶ ኖሯል። ወረድ ብሎ ሠራተኛ ሰፈር አለ፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የእጅ ሙያተኞች የሰፈሩበት። በሌላ በኩል ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኮንን ድልድይ። የዶሮ ማነቂያ ፎቆች የዚያ ሁሉ ሰው እጅ ያለባቸው ናቸው።

ሐምሌ 1967 አዋጅ 47 ሲወጣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ በወር ከ100 ብር በታች የነበረው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ፣ አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ፎቅ በኮምፔንሳቶና በጨርቅ ተከፋፍሎ ዘጠኝ ቤተሰብ ገባበት። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከእሱ አይወጣም። ተከራዩ ልጠግን ቢል ቤቱ የእሱ አይደለም። እንዲህ እየተባለ ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

የእኛ ቤት ከፎቁ ጎን ነበር፣ የግል ይዞታ፣ የራሱ ሽንት ቤት ያለው። ይህን የምናገረው ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ ነው።

ሰፈሩ ከመፍረሱ ጥቂት ዓመት በፊት ጥቂት ልጆች ሆነን ፎቁ በቅርስነት እንዲመዘገብ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመርን። የ1992ቱን የቅርስ አዋጅ 209 አትመን፣ አስምረንበት፣ ቤት ለቤት ይዘን ዞርን። የፎቁ ነዋሪዎች ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር የማስበው። ከዘጠኙ ቤተሰብ የፈረሙት ሦስት ናቸው። አንዲት እናት፣ ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ቆርሰው የሚሰጡኝ፣ ወረቀቱን አንብበው መለሱልኝና «እዚህ ላይ ሳይፈቀድ ጥገና አይነካም ይላል አይደል?» አሉኝ። «አዎ፣ ባለሙያ አይቶት እንዲጠገን ነው» አልኩ። «ሃያ ዓመት የሚያፈስ ጣሪያ ስር ነው የምተኛው። አሁን ቆርቆሮ ለመቀየር ወረዳ ነው የምለምነው። ነገ ደግሞ ሌላ ቢሮ ልለምን? አንተ ቤቱን ከመንገድ ነው የምታየው፣ እኔ ከውስጥ ነኝ።»

በዚያን ጊዜ ተናደድኩ። ተናድጄ ያልሆነ ቃል ተናገርኩ። «ሰፈሩን የሚሸጡት እንደናንተ ያሉት ናቸው» አልኳቸው። ይህ ቃል በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሳ፣ ሽማግሌ ገባበት፣ እናቴ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። ሰፈሩ ግን ለሁለት ተከፍሎ ቀረ። በአንድ በኩል «ይጠበቅ» የምንል፣ ብዙዎቻችን የግል ቤት ያለን፣ ወይ ሰፈሩን ለቀን እሁድ እሁድ የምንመጣ። በሌላ በኩል «ይፍረስና ኮንዶሚኒየም ይሰጠን» የሚሉ፣ አንድ ሽንት ቤት ለዘጠኝ ቤተሰብ የሚሰለፉ። መሀል ላይ ደግሞ እንደ እትዬ ያሉ ከግለሰብ ተከራይተው የሚሠሩ ነጋዴዎች። እነሱን ማንም አልጠየቃቸውም። እኛም አልጠየቅናቸውም።

ጣሪያው ይጠገን ብሎ የተጣላ ሰው አልነበረም። ጠባችን ሁሉ «ይቁም» እና «ይውደቅ» ላይ ነበር። በኋላ ሳስበው፣ ያኔ አንድ ላይ ሆነን ስለ ጣሪያውና ስለ ሽንት ቤቱ ፊርማ ብናሰባስብ ዘጠኙም ይፈርሙ ነበር። ቅርስ የሚጠብቀው ውስጡ የሚኖረው ሰው ነው፣ የሚኖረው ሰው ደግሞ ዝናብ እየወረደበት ስለ በረንዳ ጥርብ አያስብም። ይህን እዚህ የምጽፈው አሁን ሌላ ሰፈር ውስጥ ተመሳሳይ ፊርማ የሚያሰባስቡ ልጆች እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

በየካቲት 2016 የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲመረቅ ቀልባችን እዚያ ነበር፣ ከቤታችን በእግር ቅርብ ነው። ብዙም ሳይቆይ ተራው የእኛ ሆነ። ግቢው ተበታተነ። አንዳንዱ አራብሳ፣ አንዳንዱ ገላን፣ አንዳንዱ ፉሪ። ለእኛ ምትክ ቦታ ደረሰን፣ ለቀበሌ ቤት ተከራዮች ኮንዶሚኒየም። እትዬ የግለሰብ ተከራይ ስለነበሩ ምንም አልደረሳቸውም፣ በልጃቸው ገንዘብ ነው አሁን ያሉበትን የተከራዩት። ስም ያላቸው ትልልቆቹ ቆመዋል፣ የጣይቱ ሆቴል አለ፣ ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፣ ጥር 2007 ተቃጥሎ እንኳን እንደገና የተነሳ። ሀገር ፍቅር ቴአትርም አለ። የሄደው በመሀላቸው ያለው ነው። ሰው ከቲያትር ወጥቶ የሚገባበት፣ ማኪያቶ የሚጠጣበት፣ የሚተኛበት።

ወደ ቁርስ ቤቱ ልመለስ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ እድራችን እዚህ ነው የሚሰበሰበው። ሰፈርተኛው ሲበታተን የእድሩ ድንኳን፣ ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ ለማን ይሁን ተብሎ ሌላ ጠብ ተነስቶ ነበር። ዕቃው ተሸጦ ገንዘቡ ይከፋፈል የሚሉ ነበሩ። በመጨረሻ ድንኳኑ አራብሳ እንዲቀመጥ ተስማሙ፣ ብዙው ሰው ያለው እዚህ ስለሆነ። ከገላን የሚመጡት ሦስት ታክሲ ይዘው ነው የሚደርሱት። ይመጣሉ ግን። ለዚህ ነው በዚያን ቀን ወንበር የማታገኙት።

ባለፈው እሁድ እኒያ እናት መጥተው ነበር። አራብሳ ነው የደረሳቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከግድግዳው ስር ቆመው የልጃቸውን የምርቃት ፎቶ ያሳዩኝ ጀመር። ልጅቷ ጋዋን ለብሳ በረንዳው ላይ ቆማለች፣ እጇ ጥርቡ ላይ ነው። እሳቸው ጣታቸውን ፎቶው ላይ አድርገው «እዚህች ጥግ ላይ ነበር የሚያፈሰው» አሉ። ጣታቸው ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ክረምት ሲገባ ባሊ አስቀምጬበት እተኛ ነበር። እንቅልፍ የሚወስደኝ በጠብታው ድምፅ ነው። አሁን ዝም ሲል ያስነሳኛል» አሉኝ። «ቤቱ ይናፍቅዎታል?» አልኳቸው። «ሰዉ ነው የሚናፍቀኝ። ቤቱ ግን… ጥሩ እንጨት ነበር» አሉ። አሁን ያሉበት ቤት ውሃ ያለበት ቀን ሲሆን ገላቸውን በራሳቸው ሻወር ይታጠባሉ፣ ይህም ደስ ብሏቸዋል። ሁለቱንም እኩል ነው የነገሩኝ። ስለዚያ ክፉ ቃል ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እናትህ ጠይቃኛለች፣ አልቋል» ብለው ማኪያቶ አዘዙልኝ።

የካዛንቺስ ሰዎችም እዚህ መምጣት ጀምረዋል። ሰፈራቸው በ2017 ሲነሳ የተወሰኑት ዘመድ እዚህ ስለነበራቸው ነው። አንዱ ጋሼ ስለ ሰፈራቸው ስም አጫወቱኝ፣ ካዛንቺስ የሚለው ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራበት ድርጅት ስም ነው፣ ካዛ ኢንቺስ። ድርጅቱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ስሙ ግን ሰዉ አፍ ላይ ቀረ። እሳቸውም አንድ ፎቶ ለጥፈዋል። እትዬ ለካዛንቺስ ለብቻ ከበሩ አጠገብ ቦታ ሰጥተዋቸዋል።

መታረም ያለባቸው ነገሮች አሉ። ሽንት ቤቱ ከሕንፃው ጀርባ ነው፣ ቁልፍ ከካሸሯ መቀበል አለባችሁ፣ ውሃ በሌለ ቀን ንጽሕናው ጥሩ አይደለም። ለዚህ አንድ በርሜል ቢቀመጥ ይፈታል፣ ለእትዬም ነግሬያቸዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ከሰው ወሬ በላይ ይጮኻል። እሁድ አስተናጋጅ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ትዕዛዝ ይረሳል፣ እኔ ሁለት ጊዜ ጨጨብሳ አዝዤ አንዱን ጊዜ ፍርፍር መጥቶልኛል። ፍርፍሩ ግን በጣም ጥሩ ነበር። ደግሞ ፎቶዎቹ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ስለሆኑ ከሰዓት ፀሐይ ይመታቸዋል። ቀለማቸው መንጣት ጀምሯል። መጋረጃ ይደረግ፣ ወይም አንድ ልጅ በስልኩ አንስቶ ያስቀምጣቸው። ይህ ከሽንት ቤቱ ይልቅ የሚያስቸኩል ነው፣ ሌላ ኮፒ የሌላቸው አሉና።

በረቡዕና አርብ የጾም ፉልና ሻይ አለ፣ ቅመም ያለው፣ ጥሩ ሻይ ነው። ዱለት እሁድ ብቻ ነው፣ ሦስት ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ። በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይቀበላሉ።

ከዶሮ ማነቂያ፣ ከእሪ በከንቱ፣ ከሠራተኛ ሰፈር የሆናችሁ ደግሞ አልበማችሁን ገልጡ። የሰርጉን ሳይሆን የሰርጉን ጀርባ እዩት። የደረጃው ግራ በኩል፣ ከቧንቧው አጠገብ ያለው ክፍል አሁንም በግድግዳው ላይ የለም። እትዬ እየጠየቁ ነው።